አፈር ያቀፈው ቤት፦ በአዳማ ዙሪያ ለሚሠራ የሙከራ ቤት የአነዳደፍ መመሪያ

በሚያዝያ ወር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አዳማ ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ለተቀመጠ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙዎቻችንን ይበልጥ የሚያስመርረን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ውጭው ነፋሻማና ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ስስ የብሎኬት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ወደ መኝታ ክፍላችን ይመልስብናል። በዚያው ግቢ ውስጥ ግማሽ ሜትር ቆፍሮ እጁን ወደ ታች የሰደደ ሰው አፈሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኘዋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቢመለስም ያው ነው። ደረቅ አፈር የቀንና የሌሊቱን የሙቀት መለዋወጥ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ከግማሽ በላይ እየቀነሰ ስለሚያሳልፈው፣ ግማሽ ሜትር ላይ ሲደረስ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። በአፈር የሚታቀፍ ቤት የሚሠራው ይህንን ጸጥ ያለ ሙቀት ወደ ግድግዳው ለማስጠጋት ነው።

በአፈር የታቀፈ ቤት ስል ከመሬት በታች የተቆፈረ ቤት ማለቴ አይደለም። ወለሉ ከመሬቱ ከፍ ያለ፣ በአንድ ወገን በርና መስኮቱ የተከፈተ፣ በቀሩት ሦስት ወገኖች ግን እስከ ደረት ድረስ አፈር ተከምሮበት ዳገት የተጠጋ የሚመስል ቤት ነው። ለአገራችን ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ የትግራይ ህድሞ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳውና በአፈር ጣሪያው የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዳ የሚሆኑብን ከባሕር ማዶ የሚመጡት ንድፎች ናቸው። አብዛኞቹ የተነደፉት በረዶ ለሚወርድበት አገር በመሆኑ ፀሐይን ለማጥመድ ፊታቸውን በሰፊ መስታወት ወደ ደቡብ ይከፍታሉ፤ ያንን ንድፍ እንዳለ አዳማ ላይ የተከለ ሰው ምድጃ ሠርቶ ውስጡ ይኖራል። ለእኛ ቅዝቃዜውን የሚሰጡት ጥላ፣ ወፍራም ግድግዳና የሌሊት አየር ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አፈር ከምቾት በፊት ሸክምና ውሃ ነው፤ ስለዚህ ንድፉ የሚጀምረው ከክፍሎቹ አከፋፈል ሳይሆን ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ለመነሻ ያህል የውጭ ልኩ 9 በ6 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ክፍልና በረንዳ ያለው፣ ማዕድ ቤቱ ለብቻው ውጭ የተሠራ ቤት እንያዝ። ለሙከራ ከዚህ ትልቅ ቤት መጀመር አይገባም።

ቦታው

አዳማ በኮረብቶች መካከል ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ከዙሪያው የሚወርደው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድም ነዋሪው ያውቃል። ስለሆነም ለእንዲህ ያለ ቤት ቦታ የሚታየው በበጋ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ውሃ የሚተኛበት፣ የጎርፍ መተላለፊያ የነበረ ወይም ቦረቦር እየተጠጋው ያለ ቦታ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዋል። ተስማሚው ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ዝቅ የሚል ለስለስ ያለ ተዳፋት ነው፤ ምክንያቱም ከመሠረቱ ሥር የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት ወደ ውጭ እንዲወርድ ያስችላል።

መሬቱ ጥቁር መረሬ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ዓይነት ቤት መሠረት አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት በረጅሙ የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎችም ስላሉ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች «እዚህ መሬት ተከፍቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው።

ክምሩ ቦታ እንደሚበላ ብዙ ሰው አስቀድሞ አያሰላም። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ክምር ከግድግዳው ጋር ግማሽ ሜትር ያህል ደልዳላ ከሄደ በኋላ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 2 ሜትር ወደ ውጭ እየተንሸራተተ መውረድ አለበት፤ ከዚህ የቀጠነ ከሆነ ዝናብ ያፈርሰዋል። ይህም ማለት ከግድግዳው እስከ ክምሩ እግር 3.5 ሜትር ነው። 9 በ6 የሆነው ቤታችን በሦስት ወገን ሲታቀፍ 16 በ9.5 ሜትር፣ ማለትም 152 ካሬ ሜትር ይይዛል። በ200 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ለበረንዳ፣ ለማዕድ ቤትና ለመጸዳጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የጎረቤትን አጥር ክምር ማስደገፍ ደግሞ ከቶ አይገባም። ስለዚህ ይህ ቤት ለከተማው ዳርና ሰፋ ላለ ግቢ የሚሆን ነው። የጭቃ ግድግዳ በየትኛው ቀጠና እንደሚፈቀድ ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ፣ ንድፉንም ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ማስፈረም ግድ ነው።

ፀሐይና ነፋስ

አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በስተ ደቡብ ትውላለች። በሰኔ አጋማሽ ወደ ሰሜን ብታዘነብልም ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው፤ በታኅሣሥ ግን በስተ ደቡብ እስከ 58 ዲግሪ ትወርዳለች። ይህ ቁጥር ለክፈፍ ርዝመት ይጠቅመናል፦ ወደ ሰሜን በሚያይ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር የወጣ ክፈፍ በሰኔ ቀትር ከ3.5 ሜትር በላይ ጥላ ሲጥል፣ ወደ ደቡብ በሚያየው ላይ በታኅሣሥ የሚጥለው 1.6 ሜትር ብቻ ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ቤት በአንድ ሜትር ክፈፍ ዓመቱን ሙሉ ቀትርን በጥላ ያሳልፋል ማለት ነው።

ክፈፍ የማያድነው ከጠዋቱና ከማታው ዝቅተኛ ፀሐይ ነው። በመሆኑም የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ ጠባብ የሆኑት የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳዎች ከደቡቡ ጋር አፈር ይለብሳሉ። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ምንም መስኮት ባይኖር እመርጣለሁ። በደቡቡ ግድግዳ ላይ ከክምሩ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ቁመታቸው 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጠባብ መናፈሻዎች ይከፈታሉ፤ ሌሊት ከፊት የገባው ቀዝቃዛ አየር የሞቀውን ገፍቶ በእነዚህ ይወጣል። የበጋው ነፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ በረንዳው በምሥራቅ ጎኑ የጭቃ መከለያ ያስፈልገዋል። በአንድ እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ መመልከት ለራስ ቦታ የሚሆነውን ትክክለኛ አቅጣጫ ይነግራል።

ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት የአየር መውጫ የቅንጦት ነገር አይደለም። በአፈር የታቀፈ ቤት ደግሞ ከመሬት የሚወጣውን ሬዶን የተባለ ለጤና ጎጂ ጋዝ ሊያጠራቅም ስለሚችል መናፈሻዎቹ ጭራሽ የማይዘጉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሊኖሯቸው ይገባል።

አፈሩን በሃይላንድ መመርመር

በአዳማ ዙሪያ የምናገኘው አፈር ብዙውን ጊዜ ነጣ ያለ፣ ሲረገጥ እንደ ዱቄት የሚቦን፣ የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት ነው። ከእንዲህ ያለው አፈር ውስጥ የሚያጣብቀው ሸክላ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ግድግዳ አይጀመርም። የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ሥርና ብስባሽ ስላለበት ተጠርጎ ለክምሩ ልባስ ይቀመጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ይወሰድና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ ይሞላል፤ ውሃና ቁንጥር ጨው ተጨምሮበት በኃይል ይናጣል፤ ከዚያም ማንም በማይነካው ቦታ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ደቂቃ የሚዘቅጠው አሸዋ ነው። በሚቀጥሉት ሰዓታት በላዩ የሚተኛው ለስላሳ ንብርብር ደለል ነው፤ ውሃው ጠርቶ እስኪታይ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ፈጅቶ በመጨረሻ የሚያርፈው ስስ ቅባት መሳይ ንብርብር ደግሞ ሸክላው ነው። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እየተደረገ ውፍረታቸው ይለካል።

ለምንሠራው ግድግዳ ሸክላው ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን፣ የቀረውም በአመዛኙ አሸዋ ቢሆን ጥሩ ነው። የእኛ አፈር በተደጋጋሚ የሚያሳየው ጉድለት የደለል መብዛት ነው፤ ደለል እርጥብ ሳለ ሸክላ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን በጣት ይፈርሳል። መድኃኒቱ ከሌላ ቦታ ሸክላማ አፈር አምጥቶ መቀላቀል ነው። ድብልቁ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ጨመቅ ተደርጎ የተድበለበለ ኳስ ከደረት ከፍታ ተለቆ ጥቂት ቦታ ብቻ ሲሰነጠቅ ነው፤ እንደ ዱቄት ከተበተነ ደርቋል ወይም ሸክላው አንሷል፣ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ውሃው በዝቷል።

ክምሩ ምን ያህል ይገፋል?

ከጎን የተከመረ አፈር ግድግዳን የሚገፋው ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው ልክ ነው፤ ክምሩ እጥፍ ሲረዝም ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አፈር 1.8 ቶን ይመዝናል ብለን፣ ግድግዳው ጨርሶ የማይነቃነቅ ነው ብለን ብናሰላ፣ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክምር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 1 ቶን ያህል ይገፋል። ክምሩን ግማሽ ሜትር ብቻ ጨምረን 2 ሜትር ብናደርሰው ግፊቱ 1.8 ቶን ይሆናል። ቁመቱ እዚያው 1.5 ሜትር ላይ ሆኖ አፈሩ በውሃ ቢሞላ ደግሞ ግፊቱ ከ1 ቶን ወደ 1.6 ቶን ይዘላል። የመጀመሪያው ንጽጽር ክምሩን ከ1.5 ሜትር እንዳናሳልፍ፣ ሁለተኛው ውሃን እንዳንንቅ ይነግረናል።

አሁን ግድግዳውን እንመዝነው። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 2.6 ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ግድግዳ በሜትር ርዝመት 1.8 ቶን ገደማ ይከብዳል። ይህ ክብደት ግድግዳውን ከመገልበጥ የሚከላከለው ከውፍረቱ አጋማሽ፣ ማለትም ከ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ነው፤ ገፊው 1 ቶን ግን የሚያርፈው ከክምሩ ሥር በሲሶው ከፍታ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። 1.8 በ0.2 ሲባዛ 0.36፣ 1 በ0.5 ሲባዛ 0.5 ነው። ግድግዳው ብቻውን አይችልም! ብዙ ሰው «ወፍራም ስለሆነ ይቆማል» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አዳማ ግን ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነገር በደጇ አላት። ብሎኬት አምራቾች ፑሚስ የሚሉት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ልቅ ሆኖ ሲከመር አንድ ሜትር ኩቡ ከ0.8 ቶን አይበልጥም፤ ፍሬዎቹ ሻካራ ስለሆኑ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ውሃም በመካከላቸው እየተንቆረቆረ ይወርዳል። ከመሠረቱ ጀምሮ በ45 ዲግሪ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄደው የክምሩ ክፍል በፑሚስ ቢሞላ፣ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ1 ቶን ወደ 0.45 ቶን ይወርዳል፤ የመገልበጥ ኃይሉም 0.23 ሆኖ ከግድግዳው 0.36 በታች ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፑሚስ በአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነው። በኃይል ሲደቀደቅ ስለሚፈጭ ግን በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ ይበቃዋል።

ይህም ሆኖ በየ3 ሜትሩ ወደ ውስጥ የሚወጣ ደጋፊ ግድግዳ ይሠራል። ከሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ አንዱ ደጋፊ ሲሆን፣ ሌሎቹ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክፍሉ ገብተው የመደርደሪያና የቁም ሣጥን ማቀፊያ ይሆናሉ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተነሣው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዳማ መሰማቱን ማንም አልረሳውም፤ ስለዚህ የውጭ ጥጎች በግማሽ ክብ ይጠጋጋሉ፣ በርና መስኮት ከጥግ ከ1.2 ሜትር በላይ ይርቃሉ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ የሚከፈተውም ሁሉ ተደምሮ ከግድግዳው ርዝመት ሲሶ አያልፍም።

በማዳበሪያ የሚደረደር ግድግዳ

ለዚህ ሥራ የምመርጠው በማዳበሪያ ከረጢት የሚጠቀጠቅ አፈርን ነው። ኢራን ተወልዶ በካሊፎርኒያ የሠራው አርክቴክት ናደር ኻሊሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስፋፋው ይህ ዘዴ የሚፈልገው እርጥብ አፈር፣ ከረጢትና እሾሃማ ሽቦ ብቻ ነው፤ ባዶ ማዳበሪያ ደግሞ በየገበያችን ሞልቷል። ከምርጊት ቤት የሚለየው ምስጥ የሚበላው ማገርና ምሰሶ በግድግዳው ውስጥ አለመኖሩ ነው፤ በዚህ አካባቢ የባሕር ዛፍ ምሰሶ የተከለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

መሠረቱ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ተቆፍሮ በድንጋይ ይሞላል፤ ከመሬት በላይም 30 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ካብ ይወጣል፤ ወለሉ የሚቀመጠው በዚህ ከፍታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ከረጢት በከረጢት ውስጥ ተደርቦ በአፈር ፋንታ በጠጠር ይሞላሉ፤ ጠጠር ውሃን ወደ ላይ አይስብም። ከዚያ በኋላ ያሉት በተመረመረው አፈር ሦስት አራተኛ ድረስ ተሞልተው፣ አፋቸው ከሥራቸው ታጥፎ፣ እንደ ጡብ መጋጠሚያቸው እየተፈራረቀ ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሁለት መስመር እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል። አንድ ረድፍ የሚጠቀጠቀው ድምፁ ከ«ድፍ» ወደ «ጣ» እስኪለወጥ ድረስ ነው፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቱንቢው በየረድፉ ይጣላል እንጂ በየቀኑ መጨረሻ አይደለም፤ በአምስት ረድፍ የተጠራቀመ ስሕተት አይመለስም።

የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ በወራት ውስጥ ስለሚያበሰብሰው ክፍት ሆኖ አይከርምም። ግድግዳው ሲያልቅ በላዩ ዙሪያውን የሚያስር ቶፕ ታይ ቢም ይደረጋል። ተፈጥሯዊ ዘዴን አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች በእንጨት ሊሠሩት ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን በዚህ አንድ ቦታ ላይ ፌሮና ሲሚንቶ አልነፍግም፤ መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር ግድግዳን አንድ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ለልስኑ አንድ እጅ ሸክላማ አፈር፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ አሸዋና በደቃቁ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቦካል፤ ሽታው ሲለወጥና ጭቃው እንደ ቅቤ ሲሳብ ደርሷል። የውጭው ፊት በኖራ ይጠናቀቃል። ኖራ ውሃ ሲገባበት ስለሚፈላና ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል በጓንትና በመነጽር ይሠራል።

ውሃ

በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከዚህ ቤት በፊት ለሙከራ 3 በ4 ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት ሠርቼ በሁለት ወገን አፈር አለበስኩት። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት በነሐሴ ወር ግድግዳውን ተደግፎ የቆየ የጤፍ ጆንያ ለማንሣት ስሞክር ከሥሩ አልላቀቅ አለኝ፤ ገልብጬ ሳየው ታችኛው ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ በቅሏል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በልስኑ ላይ ነጭ ጨው እንደ ውርጭ ተዘርግቶ ነበር፤ በጥፍር ሲነካ ልስኑ ከጨው ጋር ይረግፋል። ክምሩን አራት ሜትር ያህል መልሼ ስቆፍር ያገኘሁት ሁለት ጥፋት ነው። ከግድግዳው ጋር ያነጠፍኩትን ፕላስቲክ ሹል ጠጠር በስቶት በትንሽ ጣት የሚያህል ቀዳዳ አውጥቶበታል፤ መሸፈኛ ወንፊት ያልገጠምኩለት የቱቦ አፍ ውስጥ ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ቱቦው ቢፈስ ኖሮ ቀዳዳው ብቻውን ያን ያህል ባልጎዳ፤ ቀዳዳው ባይኖርም የተዘጋው ቱቦ አንድ ቀን መውጫ ያገኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የምከተለው አሠራር እንዲህ ነው። ግድግዳው በጭቃ ተለስኖና ደርቆ ለስላሳ ከሆነ በኋላ ለኩሬ የሚነጠፈው ዓይነት ወፍራም ጂኦሜምብሬን ከክምሩ ጫፍ እስከ መሠረቱ ሥር ይወርዳል፤ በላዩ አሮጌ ማዳበሪያ ተደርቦ ከጠጠር ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፑሚሱ ይገባል። ከመሠረቱ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይዘረጋል፤ ሁለቱም ጫፎቹ ከክምሩ ወጥተው በዓይን በሚታይ ቦታ ያበቃሉ፤ አፋቸውም በወንፊት ይዘጋል። በየጥጉ ቆሞ የሚወጣ የማጽጃ ቱቦ ቢጨመር ወደፊት ክምር ከመቆፈር ያድናል።

ይህ ሁሉ ግን የሁለተኛ ደረጃ መከላከያ ነው። የመጀመሪያው ውሃው ወደ ግድግዳው ጭራሽ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከክምሩ ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ ፕላስቲክ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ክምሩ እግር ድረስ እንደ ጃንጥላ ይነጠፋል። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ዝናቡን አሻግሮ ይጥላል፣ ከሥሩ ያለውንም አፈር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ያደርገዋል፤ እርጥብ አፈር ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ መድረቁ ለቅዝቃዜውም ይጠቅማል። ከላዩ ያለው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ሰርዶ ይተከልበታል። ዛፍ በክምሩ ላይም ሆነ በአጠገቡ አይተከልም፤ ሥሩ ፕላስቲኩን ፈልጎ ያገኘዋል።

የጣሪያውም ውሃ መታሰብ አለበት። ከነክፈፉ 85 ካሬ ሜትር በሚሆን ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ከ2.5 ሜትር ኩብ በላይ፣ ማለትም ከ12 በርሜል የሚበልጥ ውሃ ነው። ይህ ክምሩ ላይ ቢወርድ በአንድ ወቅት ይበላዋል፤ ስለዚህ አሸንዳ ከመጀመሪያው ቀን ይገጠማል፣ ውሃውም ወደ ሮቶ ይገባል፤ የሮቶው ትርፍ ከክምሩ እግር ራቅ ወዳለ ቦይ ይወርዳል።

ጣሪያው

በሣር የተሸፈነ የአፈር ጣሪያ በፎቶግራፍ ያምራል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አልመክረውም። 30 ሴንቲ ሜትር እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ከግማሽ ቶን በላይ ስለሚከብድ በቤታችን ላይ 29 ቶን ገደማ ይጫናል። ህድሞ ያንን የሚሸከመው በድንጋይ ግድግዳና በጥቅጥቅ እንጨት ነው።

የእኛ ጣሪያ ቀላል ይሁን፦ በወራጅና በማገር ላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ አየር የሚተላለፍበት ባዶ ቦታ፣ ከዚያም በጠንካራ የቀርከሃ ኮርኒስ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ፑሚስ። በካሬ ሜትር 60 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን የኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨቶች በዚያ ልክ ይሰላሉ። አይጥም ምስጥም አይበላውም፣ እሳትም አይዘውም። በዚህ ቤት ከፍተኛው ሙቀት የሚገባው በጣሪያው ስለሆነ ከክምሩ ላይ ተቆጥቦ እዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ አይደለም።

ወራቱና መለኪያው

ቁፋሮው በጥቅምት፣ ግድግዳው እስከ ጥር መጨረሻ፣ ጣሪያው በየካቲት ይደርሳል። ክምሩ የሚመጣው ቶፕ ታይ ቢሙ ጠንክሮ ጣሪያው ከተጫነ በኋላ ነው፤ ጣሪያ ያልተጫነበትን ግድግዳ አፈር ማስደገፍ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። በሦስቱም ወገን እኩል እየተነሣ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በእጅ እየተጠቀጠቀ ይወጣል፤ ማሽን ከግድግዳው አንድ ሜትር ውስጥ አይገባም። ለጠቅላላው ክምር 74 ሜትር ኩብ ያህል የተጠቀጠቀ ሙሌት ያስፈልጋል፤ ልቅ ሆኖ ሲመጣ 90 ገደማ ስለሚሆን 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ስድስት ምልልስ ነው፤ ለመሠረትና ለቦይ የተቆፈረው አፈር ከዚህ ይቀነሳል።

የላዩ ፕላስቲክ ከመነጠፉ በፊት በእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ በርሜል ውሃ ከግድግዳው አጠገብ ይፈስስና ከቱቦው ጫፍ መውጣቱ ይታያል። ካልወጣ መፈተሽ የሚቻለው አሁን ነው። ይኸው ምርመራ በየዓመቱ በሰኔ መጀመሪያ በማጽጃው ቱቦ በኩል ይደገማል።

ቤቱ የሙከራ ቤት የሚሆነው ሲለካ ነው። ሦስት ርካሽ ቴርሞሜትር ይገዛል፤ አንዱ በበረንዳው ጥላ፣ አንዱ በክፍሉ መካከል፣ ሦስተኛው ከኮርኒሱ በታች አንድ ስንዝር ላይ ይሰቀላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚታየው ቁጥር በአንድ ደብተር ይጻፋል፤ በዚያ ቀን መስኮቶቹ መቼ ተከፍተው መቼ እንደተዘጉም ከጎኑ ይመዘገባል። በ9 ሰዓት የኮርኒሱ ቁጥር ከክፍሉ መካከል በብዙ ዲግሪ ከበለጠ ፑሚሱ ሳስቷል ወይም የጣሪያው አየር መተላለፊያ ተዘግቷል። ሁለቱ እኩል ሆነው ከውጭው ጋር አብረው ከወጡ መስኮት በቀን ተከፍቶ ውሏል። በ9 ሰዓት ደኅና የነበረው ክፍል በምሽቱ 3 ሰዓት ሞቆ ከተገኘ ደግሞ ከክምሩ በላይ የቀረውን የምዕራብ ግድግዳ ክፍል በእጅ መዳሰስ ነው፤ ትኩስ ከሆነ ክፈፉ በዚያ በኩል በሸንበቆ መከለያ ይረዝማል።